«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንዴት እንደ ደጎስነው
(በትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ላይ በመጽሐፍ ጠራዦች ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



በዛሬው በዓል የስፖርት ክበብ ዋንጫዎቹን፥ የሳይንስ ክበብም የሠራቸውን መሣሪያዎች ይዘው ሲቀርቡ እኛ የመጽሐፍ ጠራዦች ክበብ አባሎች ይዘን የመጣነው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። እሱም አዲስ መጽሐፍ አይደለም። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ ያላነበባችሁትም ታሪኩን ከሌላ ሰው አፍ ሰምታችሁታል። መጽሐፉ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ይህ ልብ ወለድ ታትሞ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ትምህርት ቤታችንም በሩን የከፈተው በዚያው ዓመት ስለ ሆነ፥ የዘንድሮው በዓል የሁለቱም ነው ብንል ማንም እንደማይቀየመን እናምናለን።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። የቤተ መጻሕፍታችን ኀላፊ ከአገልግሎት የሚወጡትን መጻሕፍት በካርቶን አድርገው ሲለዩ ይህንን ቅጂ እዚያ ውስጥ አየነው። የፊት ሽፋኑ የለም፤ የኋላው በፕላስተር ተይዟል፤ ቅጠሎቹም አንድ በአንድ እየተላቀቁ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በጎማ ታስረዋል። እኛ መጀመሪያ ያዘነው ለመጽሐፉ ነበር። ኋላ ግን ገልጠን ብናይ በየኅዳጉ በእርሳስ የተጻፈ ጽሕፈት ሞልቶታል። አንዱ ስሙንና የክፍሉን ቁጥር ጽፏል፤ ሌላዋ በዛብህ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት በሚሸሽበት ገጽ ላይ «ሩጥ!» ብላለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ያነበበ አንድ ተማሪ «እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ ለማንም አልነገርኩም» ብሎ ሲጽፍ፥ ከሥሩ በሌላ እጅ «እኔም»፥ ከዚያም ሥር በሦስተኛ እጅ «እኔም» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ይህ በካርቶን ውስጥ የተጣለው ከእኛ በፊት በእነዚህ ወንበሮች ላይ የተቀመጡ ሰዎች ድምፅ ነበር። ስለዚህ ኀላፊዋን ለምነን መጽሐፉን ተቀበልናቸው። እሳቸውም «ውሰዱት፤ ግን አበላሽታችሁ እንዳትመልሱልኝ» አሉን። ይህችን ቃል ኋላ እንመለስባታለን።

ስለ መጽሐፍ መጠረዝ እኛ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ከጓደኞቻችን የአንዱ አያት ግን በወጣትነታቸው በደብር ውስጥ ብራና ሲፍቁ፥ መጽሐፍ ሲጠርዙና ሲደጉሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዐይናቸው ስለ ደከመ መርፌ አይሰኩም፤ ጣታቸው ግን አልረሳም። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። የመጀመሪያ ቀን መጽሐፉን ስንሰጣቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና «ይህማ መቼ ተጠረዘ! በሙጫ ተለጠፈ እንጂ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። የእኛ ቅጂ ከኋለኞቹ እትሞች ሲሆን ቅጠሎቹ ነጠላ ነጠላ ሆነው በጀርባቸው ሙጫ የተቀቡ ነበሩ። ሙጫ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ቅጠሉን የሚይዘው ምንም ነገር የለም።

የአባቶቻችን አሠራር እንዲህ አይደለም። ብራናው ለሁለት ይታጠፋል፤ የታጠፉት በአንድነት ተደርበው ጥራዝ ይባላሉ፤ ጥራዞቹም በጀርባቸው ላይ በሰንሰለት ስፌት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ከፊትና ከኋላ ከዋንዛ ወይም ከወይራ የተጠረበ ገበታ ይገባል፤ ክሩም በገበታው ጠርዝ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ይታሰራል። ከዚህ በኋላ ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳውም በጋለ ብረት እየተተኮሰ መስመርና መስቀል ይወጣለታል፤ ይህ ነው ድጉስ የሚባለው። በመጨረሻ ማኅደር ተሰፍቶለት በግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከብራናው ዝግጅት ጀምሮ ሥራውን ዘርዝረው ጽፈዋልና፥ ማወቅ የሚፈልግ ከዚያ ቢያነብ እኛ ከምንነግረው የበለጠ ያገኛል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ነበረን። ዳዊትም ቢሆን፥ ወንጌልም ቢሆን፥ ተአምረ ማርያምም ቢሆን ድጉሱ ይመሳሰላል፤ መካከል ላይ መስቀል፥ ዙሪያውን ደርበብ ደርበብ ያለ የመስመር አጥር ነው። ይህ ድጉስ «እኔ ቅዱስ ነኝ» ይላል እንጂ በውስጡ ያለው ታሪክ የማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም። ልብ ወለድ ግን የተቀደሰ መጽሐፍ አይደለም። የአንድ ድኻ ልጅና የአንድ የባላባት ልጅ ነገር ነው። ታዲያ ለዚህ ምን ዓይነት ልብስ ይስማማዋል?

ይህንን ጥያቄ የጠየቅነው እኛ ብቻ አለመሆናችንን ያወቅነው በኋላ ነው። በፈረንሳይ አገር ፒየር ለግራን የሚባል ሰው (1889–1929 እ.ኤ.አ.) ራሱ ጠራዥ ሳይሆን እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ዣክ ዱሴ ለተባለ የልብስ ቅድ ባለሙያና መጽሐፍ ሰብሳቢ ከ300 በላይ ሽፋኖችን ነድፏል። በዘመኑ የነበሩት ጠራዦች አበባና ሐረግ ሲደጋግሙ እሱ ግን የሽፋኑ ንድፍ ከመጽሐፉ ነገር ይወለድ ብሎ ተነሣ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የቡከር ሽልማት የሚባል የልብ ወለድ ሽልማት አለ፤ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚህ ሽልማት ለመጨረሻው ዙር የሚያልፉት ስድስት መጻሕፍት ናቸው። የአገሩ የእጅ ጠራዦች ማኅበር አባሎች እነዚህን ስድስት መጻሕፍት እየተካፈሉ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንብበው፥ እያንዳንዱን እንደ ርእሱና እንደ ሐሳቡ በእጃቸው ይደጉሳሉ። ለደራሲው የሚሰጠው ይህ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ቅጂ ነው። ሽልማቱን ያላገኙት አምስቱ ደራሲዎችም ቢሆኑ መጽሐፋቸውን እንዲህ ለብሶ ይዘው ይመለሳሉ። እኛ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ያስቀናናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከስድስቱ አንዷ አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግሥቴ ነበረች። መጽሐፍዋም ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ሴት አርበኞች የሚተርከው፥ በአማርኛ «የጥላው ንጉሥ» ልንለው የምንችለው ልብ ወለድ ነው። በታሪኩ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ አንድ መልኩ እሳቸውን የሚመስል ድኻ ዘፋኝ ንጉሥ ሆኖ ለሕዝቡ ይታያል፤ ሒሩት የምትባለው አገልጋይ ልጅም የእሱ ጠባቂ ትሆናለች። ይህን ሰምተን በክበባችን ውስጥ እንደ መልመጃ አድርገን «እኛ ብንሆን ይህን ርእስ በቆዳ ላይ እንዴት እናሳየው ነበር?» ተባባልን። አንዱ ዘውድ እንሣል አለ። ሌላው የለም፥ ዘውድ የእውነተኛው ንጉሥ ነው፤ የጥላው ንጉሥ ዘውድ ቀለምና ወርቅ ሳይነካው ከቆዳው ሥር ብቻ ጎልቶ መጽሐፉን ወደ ብርሃን ዘንበል ስናደርገው የሚታይ፥ ቀጥ ስናደርገው የሚጠፋ መሆን አለበት አለ። በዚያች ምሽት አንድ ነገር የገባን ይመስለናል። ርእሱን መሣል ቀላል ነው፤ ቆዳው፥ ክሩና እንጨቱ ራሳቸው ርእሱን እንዲሠሩት ማድረግ ግን ሌላ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከንቱ ውዳሴ እንዳለም አንሰውርም። ግጥም እንጂ ልብ ወለድ ባይሆንም የዑመር ኻያምን ሩባያት ፍራንሲስ ሳንጎርስኪ የተባለ እንግሊዛዊ ከአንድ ሺህ በሚበልጥ የከበረ ድንጋይ አስጊጦ፥ ሦስት ጣዎስ በላዩ ላይ አሳርፎ በሁለት ዓመት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1911 ጨረሰው። በ1912 ግን መጽሐፉ በታይታኒክ መርከብ ተጭኖ ከነዕንቁው ሰጠመ። ሠሪውም ሦስት ወር ሳይሞላ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ሰጥሞ ሞተ። ይህን ለየኔታ ስንነግራቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው «ለመሆኑ ያነበበው ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁን። እኛም መልስ አልነበረንም።

አሁን ወደ ራሳችን መጽሐፍ እንመለስ። ንድፉን ለመወሰን ከሦስት ሳምንት በላይ ተከራከርን፤ በግልጽ ለመናገር ሁለት ጊዜ ተኳርፈን ተለያይተናል። አንዱ ወገን ርእሱ ራሱ «መቃብር» ስለሚል በፊት ገበታው ላይ መቃብር ይውጣ አለ። ሌላው ወገን ይህ ያላነበበውን ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ መንገር ነው አለ። የፊተኛው ወገን «ደራሲው ራሳቸው በርእሱ ነግረውት የለምን?» ብሎ ሲመልስ ክርክሩ ተዘጋ ብለን ነበር። ሆኖም አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ጓደኛችን ተነሥታ «መጽሐፉ እኮ የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው ሞት ሳይሆን የፊታውራሪ መሸሻ ክብር ነው፤ በገበሬው ላይ የወደቀውም ይኸው ክብር ነው። ጉዱ ካሳ ያን ሁሉ የተናገረው ለከንቱ ነውን? ይህን የማያሳይ ሽፋን ግማሽ መጽሐፍ ነው» አለች። ይህም እውነት ነበር፤ ነገር ግን የዘር ክብርን በቆዳ ላይ እንዴት አድርጎ ይተኩሱታል?

መልሱ የመጣው ከየኔታ ነው ብንል አናጋንንም፤ እሳቸው ግን መልስ መስጠታቸውን አላወቁም። አሮጌ ዳዊታቸውን አምጥተው የድጉሱን አጥር ሲያሳዩን «ይህ አጥር ከውጭ ወደ ውስጥ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆኖ ይዘጋል፤ መስመሩ አንድም ቦታ ክፍት መሆን የለበትም፤ ክፍት ከሆነ ሥራው ነውር አለበት» አሉን። ያን ጊዜ ያችው ልጅ «የኔታ፥ ሆን ብለን ብንከፍተውስ?» አለቻቸው። «ለምን ብላችሁ?» «ሰው እንዲወጣበት።» እሳቸውም ሳቁ። ለካ ታሪኩን ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። «ሰብለ ናት የምትወጣው?» አሉን።

እንግዲህ ንድፉ እንዲህ ሆነ። በፊት ገበታው ላይ የአባቶች አጥር ሙሉ በሙሉ አለ፤ አምስት መስመር፥ አንዱ በአንዱ ውስጥ። መካከሉ ግን ባዶ ነው፤ መስቀልም ሥዕልም የለበትም። ከዚያ ባዶ ስፍራ አንዲት ቀጭን መንገድ ተነሥታ አምስቱን መስመር እየበጠሰች ትወጣለች። የመጽሐፉን ጀርባ፥ ማለት ጠባቡን ወገን፥ ዓባይ አደረግነው፤ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዓባይን ሳይሻገር አይሄድምና። መንገዲቱ ወደ ታች ወርዳ ጀርባውን ተሻግራ በኋላ ገበታው ላይ ትወጣለች። በመጽሐፉ ውስጥ ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ በዛብህን ፍለጋ የሄደችውን መንገድ ታስታውሳላችሁ። በኋላ ገበታው ላይ አጥር የለም። መንገዲቱ ጠርዙ ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። ከቆመችበት በላይ ቆዳው እንዲሁ ቆዳ ነው።

መቃብሩንስ የት አደረጋችሁት ትሉን ይሆናል። በአሮጌ መጻሕፍቶቻችን ገበታውን ስንከፍት በውስጥ በኩል ቆዳው ዙሪያውን ታጥፎ መካከሉ ላይ እንደ መስኮት ያለ ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ያማረ ጨርቅ ይለጠፍበታል። እኛም መንገዲቱ በውጭ በቆመችበት አንጻር፥ በኋላ ገበታው ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ለጠፍን። መጽሐፉን አንብቦ ያልጨረሰ ሰው አያየውም።

ስለ ስፌቱ ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን፤ ከሥራው ሁሉ የወደድነው ይህንን ነውና። ቅጠሎቹ ነጠላ ስለ ነበሩ መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን በስስ ወረቀትና በስንዴ ዱቄት ሙጫ እያያዝን ታጥፎ የሚሰፋ ማድረግ ነበረብን። በአንድ ጥራዝ ስምንት ቅጠል ወሰንን። በመጀመሪያው ምሽት አንደኛውን ከሁለተኛው፥ ሦስተኛውን ከአራተኛው ጋር እያጣበቅን ከሄድን በኋላ ስናጥፈው ታሪኩ ተዘበራረቀ፤ በዛብህ ሳይወለድ አደገ። ለካ አንደኛው ከስምንተኛው፥ ሁለተኛው ከሰባተኛው፥ ሦስተኛው ከስድስተኛው፥ አራተኛው ከአምስተኛው ነው መያያዝ የሚገባው፤ የሁለቱ ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 9 ይሆናል። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ደስ ብሏቸዋል። ከ30 በላይ ጥራዞች ወጡ። ወረቀት በወረቀት ላይ ስለ ተለጠፈ ጀርባው አብጦ ነበርና ከጓደኞቻችን የአንዷ እናት ባዋሱን የወፍጮ መጅ ሥር ለአሥር ቀን አስተኛነው።

በአገራችን አሠራር መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥንድ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከላይ አንድ ጥንድ፥ ከታች አንድ ጥንድ። እያንዳንዱም ጥንድ የራሱ ክር አለው። የላይኛው ክር ከመጀመሪያው ጥራዝ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ የታችኛውም እንደዚሁ። ሁለቱ ክሮች አንድ መጽሐፍ ይይዛሉ፤ በእያንዳንዱ ጥራዝ ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ነገር ግን አይነካኩም። ይህን ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። ማንም «እነ በዛብህ ናቸው» ብሎ እንዲናገር አላስፈለገም። ሰም በታሸ የጥጥ ክር፥ አንዱን በነጭ፥ አንዱን በቀይ ሰፋነው። እንደ ሥርዓቱ ቢሆን ሁለቱም በየራሳቸው ቀዳዳ በገበታው ላይ ተለያይተው ይታሰራሉ። እኛ ግን የኔታን አስፈቅደን ጫፋቸውን አስረዘምንና በኋላ ገበታው ውስጥ፥ ከጥቁሩ ጨርቅ በታች አንድ ላይ ቋጠርናቸው። ቋጠሮው አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ጎርበጥ ይላል።

የፊት ገበታውን ስንበሳ ዋንዛው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አዲስ ለመጥረብ ተነሥተን ሳለ የኔታ ከለከሉን። በአሮጌ መጻሕፍት የተሰነጠቀ ገበታ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተበስቶ በክር መሰፋቱ የተለመደ ነው፤ እንጨት ውድ ነበርና ማንም አይጥለውም። እኛም ሰፋነው። ቆዳው ከለበሰ በኋላ ስንጥቁ እንደ ጠባሳ ሆኖ በአጥሩ መካከል በጭላንጭል ይታያል። ከእኛ አንዱ «ጉዱ ካሳ ነው የሰነጠቀው» ስላለ ይህ ስም እስከ ዛሬ ቀርቷል።

የድጉሱን ብረት ለማጋል ስንማር ያቃጠልነውን ቆዳ ብዛት ለክቡር ርእሰ መምህራችን ባንነግር እንመርጣለን። ቆዳው ረጠብ ማለት አለበት፤ ብረቱም በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ ትንሽ ብቻ የሚል መሆን አለበት፤ ከጮኸ በዝቷል፤ ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ ይሰባብረዋል። አጥሩን የሠራነው በዚህ ልክ ነው። መንገዲቱን ግን በጣም ትንሽ በጋለ ብረት፥ አንዱን ነጥብ ከአንዱ ጋር ሳናገጣጥም፥ እንደ እግር ኮቴ አድርገን ሄድንባት።

አሁን ልንናገረው ወደማንወደው ነገር ደርሰናል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ቃልም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከመስፋታችን በፊት ቅጠሎቹ በጠርዛቸው ስለ ተቀዳደዱ «እናስተካክላቸው» ብለን፥ የኔታን ሳንጠይቅ፥ በመቁረጫ መኪና ሦስት ወገናቸውን አስቆረጥን። የተቆረጠው ከአራት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ቅጠሎቹ እንደ አዲስ አማሩ። ወደ ክበባችን አምጥተን ስንገልጣቸው ግን በኅዳጉ የተጻፈው የእርሳስ ጽሕፈት ብዙው ጫፉ ተቆርጧል። «ሩጥ» ያለችው ልጅ «ሩ» ሆናለች። ከሁለቱ «እኔም» አንዱ ከግማሽ በላይ የለም። ሁለት ስሞች ፈጽመው ጠፍተዋል፤ የሌሎች ስም መጀመሪያው ቀርቶ የአባት ስማቸው የለም። ልናድነው የተነሣንለትን ነገር የቆረጥነው እኛው ነን።

የኔታ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አሳልፈው ልስላሴው ሲሰማቸው ገባቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «ኅዳግ ሰፊ የሚደረገው ለምን ይመስላችኋል? ኋላ የሚመጣ ሰው የሚለው እንዲኖረው ነው። እናንተ የሰው ቃል ቆረጣችሁ» አሉ። በዚያን ቀን ሥራ አልሠራንም።

በማግሥቱ ከመካከላችን ሁለቱ ወደ መቁረጫው ቤት ሄደው ቁራጩ የተጣለበትን ጆንያ ለምነው አመጡ። ከሌላ ወረቀት ቁራጭ ጋር ተደባልቆ ነበር። ሦስት ምሽት ተቀምጠን እርሳስ የነካውን ክር የመሰለ ቁራጭ ሁሉ ለየን። «ጥ» የሚለውን ፊደል አገኘነው። አንዱን ስም ለመግጠም ቻልን፤ የጠፉትን ሁለቱን ግን አላገኘናቸውም። የለየነውን በስስ ወረቀት ጠቅልለን ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር፥ ከክሮቹ ቋጠሮ አጠገብ አኖርነው። ከእኛ አንዱ ይህን ተቃውሞ ነበር፤ ጥፋትን በጌጥ መሸፈን ነው ሲል። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ ያደረግነውን ሁሉ፥ ቀኑንና የሁላችንንም ስም፥ በቀለም ጽፈንበታል። እንግዲህ ጥፋቱ ተሸፍኗል የሚል ካለ ያንን ቅጠል ያንብብ።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ሐዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ጠራዥ ሌስተር ካፖን ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን፥ ዕድሜያቸው ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን ወንጌሎች ሲጠግን ሥራውን ያከናወነው እዚያው ገዳሙ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ ከስፍራው አይወጣምና። ጠጋኙ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል እንጂ መጽሐፉ ወደ ጠጋኙ አይሄድም። እኛም መጽሐፋችንን ተሸክመን ወደ መኪና ባንሄድ ኖሮ ብለን ስንቴ አሰብን!

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ በዓል ፊት የቆምነውም በተለይ ስለ እሱ ነው። መጽሐፉ ካለቀ ወዲህ ብዙ ሰዎች መጥተው አይተውታል፤ አመስግነውናልም። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ በአስተዳደር ሕንፃው መግቢያ ላይ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰማን። ሐሳቡ የመጣው ከክብር እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ምስጋናችንም ከልብ ነው። ይሁንና በመስተዋት ውስጥ ያለ መጽሐፍ የሚታየው የፊት ገበታው ብቻ ነው። አጥሩ ይታያል፤ መንገዲቱም ስትወጣ ትታያለች፤ ዓባይን ስትሻገር ግን ማንም አያይም። የኋላውን ገበታ ማን ይከፍታል? ደግሞም ይህ መጽሐፍ ተሰብሮ የነበረው ስለ ተናቀ አይደለም፤ ስለ ተነበበ ነው። የሰፋነው በሰንሰለት ስፌት ስለ ሆነ ሲከፈት ጠፍጥፎ ይተኛል፤ ቢጎዳም ይፈታል፤ ይጠገናል። የተሠራው ለእጅ ነው።

ስለዚህ ክቡር ርእሰ መምህር ሆይ፥ መጽሐፉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ እንዲመለስና እንደ ቀድሞው በመታወቂያ እንዲዋሱት በትሕትና እንለምናለን። ቢጎዳ ክበባችን ሊጠግነው ቃል ይገባል፤ እኛ ከዚህ ስንወጣም ተተኪዎቻችን መርፌና ወስፌ ይዘዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ተስማምተዋል፤ እንዲያውም አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለመዋስ አስቀድማ ስሟን አስመዝግባለች። እርሳስ ይዛ እንዳትገባ ማንም አልነገራትም፤ እኛም አንነግራትም። ከሦስት ወገኑ የቀረውን ኅዳግ ለክተነዋል፤ ገና ብዙ ይጽፍበታል።

የኔታ ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው፤ በሁለተኛው ረድፍ ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። መጽሐፉም በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ንግግሩ ካለቀ በኋላ እጃችሁን ታጥባችሁ መጥታችሁ ልታዩትና ልትገልጡት ትችላላችሁ። የኋላውን ገበታ ስትከፍቱ ብቻ ቀስ በሉልን፤ ጨርቁን ትናንት ማታ እንደ ገና ስለ ለጠፍነው ሙጫው ገና አልደረቀም።